ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም ብዬ ነበር

ባለፈው ሰኔ መሥሪያ ቤታችን ውጭ አገር ካለ አንድ ደንበኛ ጋር ውል ሊፈራረም ሲል ረጅም መጠይቅ ተላከልን። አርባ ምናምን ጥያቄ። ፓስወርድ የት ነው የምታስቀምጡት፣ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ምን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱን ማን ይዘጋል። የመሙላቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ፤ ቢሮ ውስጥ «እሱ ሴኩሪቲ ይወዳል» ተብዬ ነው የምታወቀው። መሃል ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አንቲቫይረስ ተጭኗል ወይ? «አይመለከተንም፤ ሁላችንም የምንሠራው በሊኑክስ ነው» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። አልዋሽም፣ ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ መልስ መጣ። ጨዋና አጭር ነው፦ ይጫን።

ተነጫነጭኩ። ከዚያ ክላምኤቪን ጫንኩ። ክላምኤቪ ነጻና ክፍት የሆነ አንቲቫይረስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ፖላንድ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ በሲስኮ እጅ ያለ። መጀመሪያ ሲጫን የቫይረስ መለያ ዝርዝሩን ያወርዳል፤ ያኔ ከ200 ሜጋባይት በላይ ወሰደብኝ። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ያኔ ዝርዝሩ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ መለያ ነበረ። ቅዳሜ ማታ ላፕቶፔን ቻርጀር ላይ ሰክቼ የግል ፎልደሬን በሙሉ እንዲፈትሽ አዘዝኩትና ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት ቡና ይዤ ስከፍተው ተርሚናሉ ግርጌ ላይ ውጤቱ ተጽፏል። የተበከሉ ፋይሎች፦ 7።

ሳቄ መጣ። ወደ ላይ ሄጄ ዝርዝሩን አየሁ። ሁለቱ ግቢ እያለሁ የሰበሰብኳቸው የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌር ክራኮች ናቸው፤ ይገባል። አንዱ ከማላስታውሰው ኢሜይል የወረደ የውሸት ደረሰኝ ነው። ቀሪዎቹ አራቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው። ፎልደሩ «የእህቴ ፍላሽ» ይላል። ሰባቱም የዊንዶውስ ናቸው፤ አንዳቸውም የኔን ማሽን ሊነኩ አይችሉም። ስለዚህ ለደንበኛው «አላልኳችሁም?» ብዬ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር።

ግን ያንን ፎልደር ከፈትኩት።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። 2010 ዓ.ም. ነው፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያኔ ግቢ ውስጥ ኢንተርኔቱ ፍላሽ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሌክቸር፣ የአምና ፈተና፣ ፊልም፣ ሶፍትዌር፣ ሁሉም የሚሄደው በፍላሽ ነው። ፍላሹ ደግሞ ኮፒ ቤት ይገባል፣ ላይብረሪ ይገባል፣ የመምህሩ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፣ ተመልሶ ዶርም ይመጣል። ኮፒ ቤቶቹ ውስጥ በቀን መቶ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር አለ፤ አንቲቫይረሱ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል፣ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ያበራል፣ ማንም አያየውም። አንድ ጊዜ ሰጥታችሁት ስትቀበሉ ፍላሻችሁ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች ሁሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አውጥተው ታገኟቸዋላችሁ። ሾርትከት ቫይረስ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ ዊንዶውስ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ ያስነሳ ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ያንን በር በስፋት ዘጋው። ቫይረስ ጸሐፊዎቹ ታዲያ በሩን ሰው ራሱ እንዲከፍትላቸው አደረጉ። እውነተኛ ፎልደሮቻችሁን ይደብቃቸዋል፣ በየአንዳንዱ ስም የውሸት መክፈቻ ያስቀምጣል። «ምዕራፍ ሦስት» የሚለውን ስትጫኑ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ፎልደሩ ይከፈትላችኋል፣ ከጀርባ ደግሞ ትንሽ ስክሪፕት ተነስቶ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ፎልደሩ ስለተከፈተላችሁ ምንም አትጠረጥሩም። ከዚያ በኋላ የምትሰኩት ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ፋይሎቻችሁ ግን አልጠፉም። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ እዚያው ናቸው፣ ተደብቀው ነው።

እኔ ያኔ ዶርማችን ከነበረ ሲኒየር ኡቡንቱ ተቀብዬ ዓመት ሞልቶኛል። ሊኑክስ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ከቁብ አይቆጥረውም፤ የእሱ ድብቅ ፋይል ስሙ በነጥብ የሚጀምር ነው። ስለዚህ የተያዘ ፍላሽ እኔ ጋ ሲሰካ ሁሉም ነገር ራቁቱን ይወጣል፦ እውነተኛው ፎልደር፣ የውሸቱ መክፈቻ፣ ስክሪፕቱ። መርጦ ማጥፋት ነው። የሕንጻው ልጆች በሙሉ ፍላሽ ይዘው ይመጡ ነበር። «ፍላሽ አጣቢው» ይሉኝ ነበር። ቫይረሱን ሆን ብዬ ደጋግሜ እየተጫንኩ «አያችሁ? ምንም!» ማለት እወድ ነበር። በክፉ ሰውነት አይደለም። ሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፣ በአንድ ነገር ከሰው በልጫለሁ።

የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ቤት መጣሁ። ታላቅ እህቴ መምህርት ናት፤ ያን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ እየተማረች ማስተርሷን ልትጨርስ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ነበረች። ለመምህራን የተበተነ መጠይቅ ነበራት፤ 112 በትና 96 ተመልሶላታል። ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ፣ እራት ከተነሳ በኋላ፣ ወረቀቶቹን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ኤክሴል ላይ ትሞላ ነበር። የቁልፍ ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። በጣት ለቅሞ የሚጽፍ ሰው ድምፅ።

የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፎችን ለአማካሪዋ በወረቀት ማስገባት ነበረባትና ፍላሹን ይዤ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ሄድኩላት። ማውጫው ተበለሻሽቶ ነበር፤ ልጁ እዚያው አስተካከለልኝ፣ ፕሪንት አደረገ፣ አስጠረዝኩ፣ መጣሁ። ማታ የተስተካከለው ቅጂ እንዳይጠፋ ብዬ ፍላሹን የኔ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ያለውን በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር ገለበጥኩት። በዚያው አየሁት። ሦስት የውሸት መክፈቻ፣ አንድ ስክሪፕት።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ስክሪንሾት አንስቼ የዶርማችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። «ስድስት ኪሎም ደርሷል» ብዬ። ሳቁልኝ። ፍላሹን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። በማግስቱ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ነበረኝ።

ለብዙ ጊዜ ይሄን ለራሴ ስናገር «ማጽዳቱን ረሳሁት» እል ነበር። አልረሳሁም። ለሌሎቹ ልጆች ሳጸዳ የነበረው እነሱ «አጽዳልን» ብለው ስለሚመጡ ነው። እሷ አልጠየቀችኝም፤ እኔን ደግሞ አይነካኝም። እኔን የማይነካ ነገር አደጋ ሆኖ አልታየኝም። በቃ ይኸው ነው።

የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት። ፍላሹን ላፕቶፗ ላይ ሰካች፣ ፎልደሩን ተጫነች፣ ተከፈተላት። ከሳምንት በኋላ የተያዘውን ነገር ሁሉ ቀስት በላበት። መምህራን ማረፊያ ያለው ኮምፒውተርም ከእሷ ፍላሽ ተያዘና ሰው ፊት አፈረች። ከዚያ አንድ ቀን መክፈቻዎቹም መሥራት አቆሙ፤ ፍላሹ ባዶ መሰለ። ደንግጣ ላፕቶፑንም ፍላሹንም ይዛ ሰፈር ወዳለ ጥገና ቤት ሄደች። የጥገና ቤቱ መድኃኒት የታወቀ ነው፦ «ፎርማት ይፈልጋል»። ሁለቱንም ፎርማት አደረጉላት። ገንዘብም ተቀበሏት። ፋይሎቿ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እዚያው ነበሩ። የጠፉት ያን ጊዜ ነው። በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚገለጥ ነገር ነበር።

ወረቀቶቹ ደግነቱ ማዳበሪያ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። 96ቱን መጠይቅ እንደገና ሞላች። ምዕራፍ አራትን እንደገና ጻፈች። ሰኔ ላይ የነበረው ጽሑፍ ማቅረቢያ አለፋት፤ አንድ ሴሚስተር ተጨማሪ ተመዝግባ፣ ተጨማሪ ከፍላ፣ በሚቀጥለው ዓመት አቀረበች።

ስልክ ላይ ስትነግረኝ እኔ የመለስኩላት መልስ ይሄ ነው፦ «ሊኑክስ ብትጠቀሚ ኖሮ እኮ።»

እንግዲህ ባለፈው ሰኔ እሁድ ጠዋት የከፈትኩት ፎልደር ያ ነው። ላፕቶፕ በቀየርኩ ቁጥር የድሮውን ፎልደር እንዳለ እየገለበጥኩ ሦስት ማሽን አሻግሬዋለሁ። ሦስቱ የውሸት መክፈቻዎች አሉ፣ ስክሪፕቱ አለ። ከጎናቸው፣ ቫይረሱ ከእሷ ደብቆት ከእኔ ግን መደበቅ ያልቻለው፣ አንድ የኤክሴል ፋይል አለ። የካቲት 2010። ከፈትኩት። 96 መስመር። ሙሉ።

እሷ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን እንደገና ስትደረድር ዳታው እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። «የገለበጥኩት ነገር ይኖር ይሆን?» ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም። ምክር መስጠት ላይ ነበርኩ።

ቡናው ቀዝቅዟል።

ከዚያ ወዲህ «የሊኑክስ ዴስክቶፕ አንቲቫይረስ ያስፈልገዋል ወይ» የሚለውን ክርክር እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። ክርክሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «አያስፈልግም» የምንለው ሰዎች ሦስት ነገር እንጠራለን። ተራ ተጠቃሚ ሲስተሙን መንካት አይችልም፣ ለዚያ ሩት መሆን አለበት። ሶፍትዌር ከየድረ ገጹ ለቅመን አንጭንም፣ ከተፈረመበት ማከማቻ ነው የምናወርደው። ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ ደግሞ ቫይረስ ጸሐፊው ጊዜውን አያጠፋብንም። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ሦስቱም የሚያወሩት ግን ስለ እኔ ብቻ ነው፤ ፍላሹ ከእኔ ተነስቶ የት እንደሚሄድ አያነሱም።

ክላምኤቪ ራሱ በስፋት የዋለው ሰርቨር ላይ ነው፣ ኢሜይል በር ላይ። ሊኑክስ የሆነው የኢሜይል ሰርቨር በዊንዶውስ ቫይረስ አይታመምም፤ የሚፈትሸው ደብዳቤው የሚደርሰው ዊንዶውስ ላለው ሰው ስለሆነ ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይሄን ከሃያ ዓመት በፊት ጨርሰውታል። እኛ ዴስክቶፕ ላይ ያለነው ነን «እኔን አይመለከተኝም» ስንል የኖርነው። የኔ ዙሪያ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ እህቴ ዊንዶውስ፣ አጎቴ ዊንዶውስ፣ የሰፈር ኮፒ ቤት ዊንዶውስ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ዊንዶውስ። እኔ መሃላቸው ያለሁ፣ ሳልታመም የማስተላልፍ ሰው ነኝ።

ይሄ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ «እኔን አይነካኝም» የሚለው ራሱ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው።

ሩት ካልሆነ ሲስተሙን አይነካም። እሺ። ግን ሲስተሙ ምኔ ነው? ኡቡንቱን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ መልሼ እጭነዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ነገር ሁሉ ያለው የግል ፎልደሬ ውስጥ ነው፦ ሰርቨር የምገባባቸው ቁልፎች፣ ብራውዘሩ የያዛቸው የመግቢያ ኩኪዎች፣ የደንበኛ ፓስወርድ ያለባቸው የማዋቀሪያ ፋይሎች፣ ፎቶዎች። እነሱን ለማንበብ ሩት አያስፈልግም። እኔን መሆን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እኔ የማስነሳው ፕሮግራም ሁሉ ደግሞ እኔን ሆኖ ነው የሚነሳው።

ማከማቻውስ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃው ሊንክ የኋላ በር ወዳለው ቅጂ እንዲያመራ ተደርጎ ነበር፤ ያን ቀን ሚንትን ያወረደ ሰው የበሽታውን መከላከያ አወረድኩ ብሎ በሽታውን ነው የጫነው። በግንቦት 2018 የኡቡንቱ ስናፕ ማከማቻ ውስጥ 2048 የተባለችው የቁጥር ጨዋታ ተመሳስላ ከጀርባ ክሪፕቶ ስትቆፍር ተገኘች። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ኤክስዜድ ነው። በየሊኑክሱ ውስጥ ያለች ፋይል መጭመቂያ ናት፤ ማንም አያስታውሳትም። አንድ «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ሲያግዝ፣ ሲያርም፣ እምነት ሲያገኝ ቆይቶ በ2024 መጀመሪያ ላይ የኋላ በር አስገባባት። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ በመጋቢት 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። እንዴት ደረሰበት? ሰርቨር ውስጥ ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ አገር ቢሆንማ ግማሽ ደቂቃም ቢዘገይ ኔትወርክ ነው የምንለው። የኋላ በሩ ገና የሙከራ ስሪቶች ውስጥ እያለ ስለተያዘ ብዙ ሰው ጋ አልደረሰም።

ይሄን አንቲቫይረስ ያስቆመው ነበር? አያስቆመውም። አንቲቫይረስ በዋነኛነት የሚያውቀው ቀድሞ የታየውን ነው። ዝርዝሩ ላይ ሚሊዮኖች ይኑሩ እንጂ ዛሬ ጠዋት የተጻፈው የለበትም። ስለዚህ «ጫንኩ፣ ተገላገልኩ» የሚሉ ሰዎችንም አላምናቸውም። ከመጠይቁ ላይ ምልክት አድርጎ የሚተኛ ኩባንያ፣ አንቲቫይረስ ከሌለው ግን የሚጭነውን ከሚያነብ ሰው የባሰ አደጋ ላይ ነው ባይ ነኝ።

እኛ ፕሮግራመሮች ደግሞ የራሳችን ጉድ አለ። ያው ታውቁታላችሁ፦ አንድ መስመር ከድረ ገጽ ኮፒ አድርገን፣ ፊቱ ላይ ሱዶ ጨምረን፣ ተርሚናል ላይ ለጥፈን እንጫናለን። ውስጡ ምን እንዳለ አናይም። ኤንፒኤም ላይ አንድ ፓኬጅ ስንጭን እሱ ሌላ አርባ ይዞ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሲጫን የፈለገውን ስክሪፕት በእኛ ስም ማስነሳት ይችላል። እኔ ስድስት ኪሎ የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እስቅ የነበርኩ ሰው፣ በቀን የማላውቀው ሰው የጻፈው መቶ ነገር ላፕቶፔ ላይ እሰካለሁ። በፍላሽ ስላልሆነ ነው ያልታየኝ።

ይሄ የታየኝ ባለፈው ጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 3፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8፣ 2025 ማታ፣ ቻክና ዲበግን ጨምሮ አስራ ስምንት የኤንፒኤም ፓኬጆች መመረዛቸው ተሰማ። በሳምንት ተደምረው ከሁለት ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ ናቸው። የፓኬጆቹ ባለቤት የውሸት ኢሜይል መጥቶለት አካውንቱን አስረክቧል። በቃ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ኢሜይል። ሥራ ላይ የምንጠቀማቸው ነገሮች በሙሉ እነዚህን ፓኬጆች ይጠራሉ። ከባልደረባዬ ጋር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ የትኛው ስሪት መቼ እንደወረደ ፕሮጀክት በፕሮጀክት ስናይ አመሸን። መርዙ የቆየው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነበርና አመለጥን፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ማናችንም አልጫንንም። ብልህ ስለሆንን አይደለም፤ ለበዓል ገበያ ወጥተን ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሻይ ሁሉድ የተባለው መጣ፤ እሱማ ጭራሽ የፕሮግራመሩን ቁልፎች እየሰረቀ በእነዚያው ቁልፎች ወደሚቀጥለው ፓኬጅ ራሱን የሚያባዛ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆች ገባ። ያነበብኩ ቀን ሾርትከት ቫይረስ ነው ትዝ ያለኝ። የምታምነውን ስም ይለብሳል፣ ራስህ ትጫነዋለህ፣ ከአንተ ወደ ጓደኛህ ይሄዳል።

ያን ሌሊት፣ የበዓል ዋዜማ ሲቀርብ፣ ፋይል በፋይል እያየሁ ሳለ «የተደበቀ ነገር ካለኝ ለባለቤቱ ልንገር» የሚል ነገር መጣብኝ። የኤክሴሉን ፋይል ካገኘሁ ሦስት ወር ሊሞላው ነበር። በየሳምንቱ እደውልላታለሁ። አልነገርኳትም።

እንቁጣጣሽ እህቴ ቤት ነው የዋልነው። ዶሮው ተበላ፣ ልጇ አበባ ሥላ ለሁላችን አደለች፣ ቡና እየተፈላ ነው። ላፕቶፔን ከቦርሳ አውጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ላሳይሽ። እንዳትቆጪ።»

«ደግሞ ምን አጠፋህ?»

ፋይሉን ከፈትኩላት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የዓምዶቹን ርዕስ አነበበች፣ ወደ ታች ወረደች፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመች።

«ይሄ የመጀመሪያው ነው?»

«አዎ።»

«ዘጠና ስድስቱም?»

«ዘጠና ስድስቱም።»

ሁሉንም ነገርኳት። ኮፒ ቤቱን፣ ያየሁትን፣ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን፣ አውቶቡሱን። የነገርኳት ቀስ ብዬ አልነበረም፤ እንዳታቋርጠኝ ፈጠን ፈጠን ብዬ ነው። ስጨርስ ረከቦቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ትንሽ ዝም አለች።

«ያኔ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?» አለችኝ።

«ሊኑክስ ብትጠቀሚ ኖሮ።»

«እሱን ነው።» ሲኒ አነሳችና ሰጠችኝ። «ፎርማት ያደረጉብኝን ሰዎች ረስቻቸዋለሁ። እሱን ግን አልረሳሁትም።»

ምን ይባላል። ቡናዬን ጠጣሁ።

አሁን የማደርገውን ለሚጠይቅ ሰው ልንገር፤ ብዙ አይደለም። አንቲቫይረሱ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ከበስተጀርባ አላስሮጠውም። ሲሮጥ ዝርዝሩን በሙሉ ሜሞሪ ላይ ስለሚጭን ብዙ ቦታ ይበላል፣ የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ስምንት ጊጋባይት ብቻ ናት። ፍላሽ ሲመጣና ለሰው ፋይል ስሰጥ ብቻ ነው የማስነሳው። ይሄ ለእነሱ ነው። ለእኔ ደግሞ ሥራዬን ከግል ነገሬ ለይቼ በሌላ የተጠቃሚ ስም ነው የምሠራው፤ ኤንፒኤም ሲጭን የራሱን ስክሪፕት እንዳያስነሳ አድርጌዋለሁ፣ አዲስ የወጣ ስሪት ቀናት ሳይቆይ አላወርድም፣ ሲስተሙ የማሻሻያ ጥሪ ሲያቀርብ «በኋላ» አልልም። የፎቶና የሰነድ ቅጂ ከላፕቶፑ ውጭ ሌላ ዲስክ ላይ አለ፤ ዲስኩ ሲገለበጥበት ብቻ ነው የሚሰካው። የደንበኛው መጠይቅ ላይም «አይመለከተንም» የሚለውን አጥፍቼ ይሄንኑ ጻፍኩ። አንድ መስመር የነበረው መልስ ግማሽ ገጽ ሆነ፤ ምንም አላሉም።

ያን ቀን ወደ ማምሻው ልወጣ ስል እህቴ መኝታ ቤት ገብታ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ክርና ቁልፍ የሚቀመጥበት ዓይነት። ከስሩ አንድ ሰማያዊ ፍላሽ አወጣች።

«ይሄን ያኔ አብሮ ተይዞ ነበር። ፎርማት እንዳያደርጉብኝ ብዬ ደበቅኩት። ከዚያ ወዲህ ሰክቼው አላውቅም፤ ፈራሁ።»

«ምን አለበት?»

«የአባዬ ፎቶዎች። የመጨረሻው ገና ጊዜ የተነሳነው።»

አባዬ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እነዚያን ፎቶዎች ጠፍተዋል ብለን ትተናቸው ነበር፤ ቢያንስ እኔ።

ጫማዬን አውልቄ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፍላሹ መጀመሪያ አልተነበበም፤ ነቅዬ በሌላኛው በኩል ስሰካው መጣ። ፍተሻውን አስነሳሁት። ዝርዝሩን እስኪጭን ያለው ጊዜ ያን ዕለት የረዘመብኝን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። እህቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ጥቁሩን ስክሪን ታያለች።

የተበከሉ ፋይሎች፦ 5። አምስቱን አጠፋኋቸው። ፎልደሩን ከፈትኩ።

«እዚህማ ይታያል እኮ» አለች።

ፎቶዎቹ 41 ናቸው። በመጀመሪያው ላይ አባዬ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ካሜራውን ሳይሆን የእኔን ላፕቶፕ ነው የሚያየው፤ አዲስ የጫንኩትን ኡቡንቱ ላሳየው ስታገለው።